ውጭ አገር እየተማራችሁ አገር ቤት ጥናት ልትሠሩ ላሰባችሁ፦ የሥነ ምግባር ፈቃዱን እንዴት እንዳለፍኩት

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። የእድራቸው ጸሐፊም ናት። የጥናቴን የስምምነት ቅጽ አገር ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሷ ነው። ቡና እያፈላች ታዳምጠኛለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ጀበናውን ከእሳቱ አነሳችና ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ የምታነቢልኝ ምን ልታደርጊኝ ነው?"

ቅጹ ዘጠኝ ገጽ ነበር። እንግሊዝኛው ስድስት ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ዘጠኝ ሆነ። የምማርበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አይቶታል። ጥናቱ ተሳታፊዎቹን እንዳይጎዳ የሚያጣራው አካል ማለት ነው። እዚያ አይአርቢ ይሉታል፤ አገር ቤትም የምርምር ሰው በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። እኔም በወረቀቱ ተማምኜበት ነበር። ምንም አልጎደለበትም። ጉዳቱ አለ፣ ጥቅሙ አለ፣ ምስጢር አጠባበቁ አለ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ስልክ አለ። አክስቴ ግን ፈራች። የፈራችው ጣቷን ተወግታ ጥቂት ጠብታ ደም መስጠቱን አይደለም። ወረቀቱን ነው።

ውጭ የሚማሩ ልጆች እየደወሉ "ፈቃዱ እንዴት ነው የሚወጣው?" ይሉኛል። ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ማህተሙ፣ ስለሚፈጀው ጊዜ ነው የሚጠይቁኝ። እሱንም እነግራችኋለሁ። ከአክስቴ የጀመርኩት ግን በምክንያት ነው። ከሰባት ወር ምልልስ ውስጥ ጥናቴን ያቃኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ያ የቡና ሰዓት ነው። ሌላው አንድ የአገር ቤት ኮሚቴ አባል የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

ጥናቴ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ውስጥ ስላሉ ነፍሰ ጡር እናቶች ደም ማነስ ነበር። ጊዜው በእኛ 2011፣ በፈረንጆቹ 2019 ነው። ከዚህ በታች የውጭ ነገር ስጠቅስ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው። ይህ የአቆጣጠር ነገር ምን እንዳመጣብኝ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ከምን እንደመጣ እንያዝ። በውጭ ገንዘብ ወይም በውጭ ተቋም ስም በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት በሁለቱም አገር መገምገም አለበት። ገንዘቡ ከሚመጣበትም፣ ሥራው ከሚሠራበትም። ሲኦምስ የሚባለው የዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት በ2016 ባወጣው መመሪያ ላይ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። በ1964 የወጣውና እስካሁን እየተሻሻለ የመጣው የሄልሲንኪ መግለጫም ኮሚቴዎች ጥናቱ የሚካሄድበትን አገር ሕግና ደንብ እንዲያዩ ያዛል።

ሕጉ ከመሬት ተነስቶ አልተጻፈም። ዩኒቨርሲቲው ግዴታ አድርጎ የሚያስወስደውን ሥልጠና ስከታተል ስለ ጓቲማላ አነበብኩ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1946 እስከ 1948 እስረኞችን፣ ወታደሮችንና የአእምሮ ሕሙማንን ሆን ብለው ለቂጥኝ፣ ለጨብጥና ለከርክር አጋለጡ። ከ1300 በላይ ሰው ነው። ነገሩ ለሕዝብ የወጣውና የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1943 እና በ1944፣ ከተመራማሪዎቹ አንዳንዶቹ ኢንዲያና ውስጥ በሚገኝ እስር ቤት የጨብጥ ሙከራ አድርገው ነበር። እዚያ እስረኞቹን አስረድተዋል፣ ፈቃዳቸውንም በጽሑፍ ተቀብለዋል። ጓቲማላ ሲደርሱ ፈቃድ መጠየቁ ቀረ። ማስፈቀድ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ድንበር ሲሻገሩ ነው የተውት።

እኔ ጎጃም ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ። "እኔን ይሄ አይመለከተኝም፣ የራሴ ሰዎች ናቸው" ብዬ አስቤ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ይዤ፣ ነጭ ጋውን ከለበሰች ነርስ ጋር ደጃቸው ስቆም ለእነሱ የመንግሥት ሰው ነኝ። እምቢ ለማለት የምከብድ ሰው ነኝ።

ወደ ፈቃዱ ልመለስ። የአሜሪካው ኮሚቴ "መጀመሪያ የአገር ቤቱን ፈቃድ አምጪ" አለኝ። የአገር ቤቱ ደግሞ "የዩኒቨርሲቲሽ ፈቃድ የታለ?" አለ። ሁለት ወር ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ባከነ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ። የውጩን ኮሚቴ በቅድመ ሁኔታ የጸደቀ ደብዳቤ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። "የአገር ቤቱ ፈቃድ እንደደረሰ ሙሉ ይሆናል" የሚል ማለት ነው። ኮንዲሽናል አፕሩቫል በሉ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። እሱን ይዛችሁ አገር ቤት ትገባላችሁ። የአገር ቤቱ ሲያልቅ መልሳችሁ ትልኩላቸዋላችሁ።

አሁን ብጀምር ግን ቅደም ተከተሉን እገለብጠው ነበር። ለውጩ ኮሚቴ አንዲት መስመር ከመጻፌ በፊት አገር ቤት ካለ አጋር ተመራማሪ ጋር እቀመጣለሁ። ስሙ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ ብቻ ፈልጋችሁ አትሂዱ። ጥያቄውን አብሯችሁ የሚቀርጽ፣ ኮሚቴው ፊት አብሯችሁ የሚቀርብ፣ ጽሑፉ ሲታተምም ስሙ ተገቢው ቦታ ላይ የሚወጣ ሰው ይሁን። ገንዘቡ ከአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ከሆነና የአጋራችሁ ተቋም በጥናቱ ሥራ ውስጥ ከገባ፣ ተቋሙ ፌደራልዋይድ አሹራንስ የሚባለውን ምዝገባ (ተሳታፊዎችን በአሜሪካ ደንብ መሠረት እጠብቃለሁ የሚል ቃል ነው) ማሟላት አለበት። ያለው መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት አጣሩ። መጨረሻ ላይ ካወቃችሁት ያስቆማችኋል። የአሜሪካ ጤና ሚኒስቴር ሥር ያለው በጥናት የሚሳተፉ ሰዎች ጥበቃ ቢሮ ከ130 በላይ አገሮች ያሏቸውን ሕጎችና መመሪያዎች ሰብስቦ በድረ ገጹ ያወጣል። ኢትዮጵያም አለችበት። ከዚያ ጀምሩ።

አገር ቤት ማን ጋ ይኬዳል? እንደ ጥናቱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸው ኮሚቴ አላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለው፣ በፈረንጆቹ 1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም አለው። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ከነዚህ በላይ ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አለ። መድኃኒት ወይም ክትባት የሚሞከርበት ጥናት ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ በክልል ደረጃ ነበር ያለፍኩት። ከዚያ በኋላ የትብብር ደብዳቤው ከክልል ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ይወርዳል። በየደረጃው ማህተም አለ። ይህን በኢሜይል ለመጨረስ አትሞክሩ። ሂዱና ተቀመጡ። ሰውየው ስብሰባ ላይ ከሆነ ጠብቁት።

አሁን የአቆጣጠሩን ነገር ልንገራችሁ። የአገር ቤቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ስካን አድርጌ ላክሁ። ቀኑ "ሰኔ 5 ቀን 2011 ዓ.ም." ይላል። ከሦስት ቀን በኋላ ከአሜሪካው ኮሚቴ ኢሜይል መጣ። ደብዳቤው ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፣ አንቺ ያኔ ዩኒቨርሲቲውንም አልገባሽም፣ አብራሪ የሚል። ደሜ ፈላ። አጭበርባሪ የተባልኩ መሰለኝ።

ካደረ በኋላ ግን ካኖ ትዝ አለኝ። በ1996 ሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ ውስጥ ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገባ። ፋይዘር ትሮቫን የተባለውን አዲስ መድኃኒቱን ወደ 200 በሚጠጉ ሕፃናት ላይ አጠና። ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ የተለመደውን መድኃኒት ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ልጆች ሞቱ። ወላጆች ልጆቻችን ሙከራ ላይ መሆናቸው አልተነገረንም አሉ። ኩባንያው የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሰጠው ነው ብሎ ደብዳቤ አቀረበ። በኋላ ሲጣራ ሆስፒታሉ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አልነበረውም። ደብዳቤው ከጊዜ በኋላ ተጽፎ የቀድሞ ቀን የተደረገበት ነው ተባለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2009 ኩባንያው ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጨረሰ።

ስለዚህ ያቺ ገምጋሚ ቀኑን ማየቷ ልክ ነበር። ሥራዋን ነው የሠራችው። እናንተ ግን ጊዜ እንዳይበላባችሁ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤውን ሲጽፍ ሁለቱንም ቀን እንዲያሰፍር ለምኑ። "ሰኔ 5 ቀን 2011 ዓ.ም. (ጁን 12፣ 2019)" ተብሎ ይጻፍ። ከወጣና ማህተም ካረፈበት በኋላ ማስለወጥ ሌላ ወር ነው።

የአገር ቤቱ ኮሚቴ ፊት የቀረብኩበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። መብራት ጠፋ፣ በቃሌ አቀረብኩ። ከአባላቱ አንዱ ሸምገል ያሉ ሐኪም ናቸው። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ደሟን ለክተሽ ስድስት ሆኖ ብታገኚው ምን ታደርጊያለሽ?"

"ወደ ጤና ጣቢያ እልካታለሁ" አልኩ።

"በምን?"

"በሪፈር ወረቀት።"

"ወረቀቱ ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፣ የነፍሰ ጡር ሴት ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በጊዜው መለኪያ በዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባል ነበር። ከ7 በታች ከወረደ ከባድ ነው፣ በወሊድ ጊዜ ነፍስ ያሳጣል። ፕሮቶኮሌ ላይ፣ የጥናቱ አሠራር የተጻፈበት ሰነድ ላይ ማለት ነው፣ "ከባድ ደም ማነስ የተገኘባቸው ተሳታፊዎች ወደ ቅርብ የጤና ተቋም ይላካሉ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። የአሜሪካው ኮሚቴ እሷን አንብቦ አለፈ። አልፈርድባቸውም። እነሱ አገር መላክ ማለት መላክ ነው፤ አምቡላንስ አለ፣ መንገድ አለ፣ ደም አለ። እዚህ ግን የመኪናውን ገንዘብ ማን ይከፍላል? ጤና ጣቢያው የአይረን ኪኒን አለው? የሌለው እንደሆነስ? እናትየው ስትሄድ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያይላታል?

እኔ ያደግኩት እዚያ ነው። መልሱን አውቃለሁ። ሆኖም ወረቀቱን ስጽፍ የጻፍኩት ለአሜሪካ አንባቢ ነበር። ያወቅኩትን አገር ትቼ ነው የጻፍኩት። ያን ቀን ከስብሰባው ወጥቼ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ፕሮቶኮሉን ቀየርኩት። ለመጓጓዣ ገንዘብ ያዝኩ። አካባቢው ያለውን ጤና ጣቢያ ሄጄ ኪኒን መኖሩን በዓይኔ አየሁ፣ ኃላፊውን አነጋገርኩ። ከ7 በታች የሆነች እናት በዚያው ቀን ሆስፒታል እንድትደርስ፣ አብሯት የሚሄድ አንድ ሰውም ወጪው እንዲሸፈንለት ጻፍኩ። ለውጡን መልሼ ለአሜሪካው ኮሚቴ ማስገባት ነበረብኝ። ይህን እወቁ፦ አንዱ ኮሚቴ ያስለወጣችሁን ሌላውም ካላጸደቀው ሥራ መጀመር አትችሉም። አምስት ሳምንት ፈጀ። አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ወደ ቅጹ ልምጣ። ከአክስቴ ጋር ከዘጠኝ ገጽ ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረድነው። "አወረድነው" የምለው አብረን ስለሠራነው ነው። "በጥናቱ ያለመሳተፍ መብትዎ የተጠበቀ ነው" የሚለውን ሳነብላት "ይሄማ የፖሊስ ቃል ነው" አለች። "ካልፈለግሽ አልፈልግም በዪ፤ ማንም አይቀየምሽም፣ ጤና ጣቢያ መታከምሽም አይቀርም" ሆነ። "እርስዎ" የሚለው የቢሮ ቃል ነው፣ ገጠር አይባልም አለችኝ። ወጣቶቹን "አንቺ"፣ ትልልቆቹን "አንቱ" እንድንል ተስማማን። "ምስጢርሽ ይጠበቃል" የሚለውን ግን እኔም እሷም ሳናየው አለፈን። ጉዱ የወጣው ቅጹን በሞከርንበት ሳምንት ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ እንዳነበበችው አንዷ ደንገጥ ብላ "እኔ ምን ምስጢር አለኝ? ማነው ምስጢር አላት ያለሽ?" አለች። ባልዋ በር ላይ ቆሟል። ነገሩን እስክናበርድ ሰዓት ፈጀ። በማግሥቱ "የምትነግሪኝን ለማንም አላወራም፣ ስምሽም አይጻፍም" ብለን ለወጥነው።

ሌላው ዕጣ ነው። "በዕጣ ተመርጠሽ ነው" ስንል ልክ ነን፤ እውነትም በዕጣ ነው። አንዲት ሴት ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷ በርቶ መጣች። "ዕጣ ወጣልሽ ተብዬ ነው፣ ምኑን ነው?" አለችን። ምን ብዬ ልመልስላት? ዕጣ የወጣለት ሰው የሚያገኘው ነገር አለ። ከዚያ ወዲያ "ሁሉንም ቤት መሄድ ስለማንችል ጥቂት ቤት ብቻ ነው የምንሄደው፤ የምንሰጠው ነገር የለም" ማለት ጀመርን።

ፊርማው ትልቁ ጭንቅ ነበር። ለገጠር ሰው ፊርማ ማለት ብድር ነው፣ የመሬት ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት ነው። ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀት ላይ ያስቀመጠች ሴት ማታ እንቅልፍ አይወስዳትም። የአሜሪካው ኮሚቴ ፊርማ ግድ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ለካ የራሳቸው ሕግ በር ከፍቷል። ኮመን ሩል የሚባለው የፌደራል ደንብ ሲሻሻል፣ በ2019 ሥራ ላይ የዋለው ማለቴ ነው፣ ፊርማ ባልተለመደበት ማኅበረሰብ ውስጥ ጥናቱ ከፍ ያለ ጉዳት የማያስከትል ከሆነና ሰዎቹ መስማማታቸው በሌላ መንገድ ከተመዘገበ ፊርማው እንዲቀር ኮሚቴው ሊፈቅድ ይችላል። እኔ ይህን ጠቅሼ አመለከትኩ። ቃሏን ከሰማን በኋላ መረጃ ሰብሳቢዋና አንድ ገለልተኛ ምስክር እንዲፈርሙ ሆነ። ምስክሩ የቀበሌ ሰው እንዳይሆን አጥብቄ ያዝኩ። ብዙ ተማሪ ይህ መንገድ መኖሩን ስለማያውቅ ሴቶቹን በግድ ያስፈርማል። ጠይቁ። ምክንያታችሁን ጻፉ። ያቺ የአሜሪካ ገምጋሚ ገጠር ውስጥ ፊርማ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እናንተ ስትነግሯት ብቻ ነው።

የቅሬታ ስልኩ የአሜሪካ ቁጥር ነበር። እዚያ ማን ይደውላል? የአገር ቤቱን ኮሚቴ ጸሐፊ ቁጥር አስገባን፣ "ሚስኮል አድርጊ፣ መልሰው ይደውሉልሻል" ብለን ነገርናቸው። ጸሐፊውን አስቀድሜ አስፈቅጄ ነው።

ለተሳታፊዎቹ ምን ይሰጥ በሚለው ላይ የአሜሪካው ወገን የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 580 ብር ነው። የአገር ቤቱ ኮሚቴ አልተቀበለውም። እምቢ ማለት የማይቻልበት ገንዘብ ፈቃድን ይገዛል አሉ። አንድ ኪሎ ስኳርና ሁለት ሳሙና ሆነ። ሰው ቤት ሲገባ ባዶ እጅ አይገባም፣ ስኳሩን ሁሉም በዚያው ዓይን አዩት።

የደም ናሙናውን ለተጨማሪ ምርመራ አሜሪካ ልወስደው አስቤ ነበር። ኮሚቴው "አዲስ አበባ አይሠራም ወይ?" ብሎ ጠየቀ። ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስጠይቅ ይሠራል። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል። ማን ይይዘዋል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ለሌላ ጥናት ይውላል ወይ፣ ሲያልቅ ምን ይሆናል የሚለው ሁሉ ይጻፋል። ሴቶቹም ከሁሉ በላይ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው፦ "ደማችን የት ይሄዳል?" እዚሁ አገር ውስጥ ነው ብዬ ስመልስ ደስ አለኝ።

አንድ የተበላሸ ቀን ነበረኝ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ባለው ማታ ሊቀመንበሩ "ነገ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ትምጣ" ብሎ አስነግሯል። ሊረዳኝ ብሎ ነው፣ ክፋት አልነበረውም። ጠዋት ስንደርስ ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ተኮልኩለዋል። አንዷ ካልመጣሽ ዘይት አይሰጥሽም ተብዬ ነው አለች። ያን ቀን ደም አልወሰድንም። ሁሉንም ይቅርታ ጠይቀን ወደየቤታቸው መለስናቸው። ከሳምንት በኋላ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ሄድን፤ ሊቀመንበሩ አብሮን እንዳይመጣ በአክብሮት ለመንነው። ከነዚያ ሴቶች ሁለቱ "አልፈልግም" አሉን። ያ "አልፈልግም" ከምንም በላይ አስደሰተኝ። ለሁለቱም ኮሚቴዎች የሆነውን በጽሑፍ አሳወቅኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባችሁ አትደብቁ። ሪፖርት ስላደረግኩ ማንም አልቀጣኝም፤ ሁለቱም ወገን ምክር ነው የሰጡኝ።

ስድስት ነጥብ አራት ያየሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ልጅ እግር ሴት ናት፣ ሦስተኛ እርግዝናዋ። ጣቷ ጫፍ ላይ የወጣችው ጠብታ ሳሳ ያለች መሰለችኝ። ማሽኑ ቁጥሩን አሳየ፣ ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። ደግመን ለካን። ያው ነው። አማቷ "ድካም ነው፣ አጨዳ ስለበዛባት ነው" አሉ። ሴትዮዋ ያን ጠዋት ውኃ ቀድታ ነው የመጣችው። ከቤቷ እስከ አስፋልቱ በእግር አርባ ደቂቃ ነው። ጎረቤት በቅሎ ሰጠ። ከአስፋልቱ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ሆስፒታል። ገንዘቡ በጀቱ ውስጥ ስለነበረ የማንንም ፊት አላየንም። ልጆቿን አማቷ ያዙ። በዚያው ማታ ደም ተሰጣት፤ ወንድሟም በማግሥቱ መጥቶ ደም ለገሰ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የሽማግሌው ሐኪም መነጽር ነበር የሚታየኝ።

ጊዜ ካላችሁ ወላይታ ላይ የተሠራውን ተመልከቱ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ከዘር ጋር ያለውን ግንኙነት ሊያጠኑ የተነሱ ተመራማሪዎች ደም ከመውሰዳቸው በፊት ማኅበረሰቡን ቀድመው ጠየቁ። ሰዉ የሚፈራው መርፌውን ብቻ አልነበረም። "የዘር በሽታ ነው" ከተባለ መገለሉ ይብስብናል የሚል ስጋት ነበር። የስምምነቱን አጠያየቅ በዚያ መሠረት አስተካከሉ። ሥራው በፈረንጆቹ 2009 ታትሟል፤ መንገዱ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ ይባላል። ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። እኔ ከአክስቴ ጋር በቡና ያደረግኩት የዚያ ትንሹ ነው። በዚህ ስም በፕሮቶኮላችሁ ውስጥ ብታስገቡት የውጩም ኮሚቴ ይወድላችኋል።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ውጤቱን ይዤ ወደ ቀበሌዎቹ ተመለስኩ። ይህንንም ኮሚቴው ነው ያስጻፈኝ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ቻርት አላመጣሁም፤ በቃሌ ነገርኳቸው። ከኋላ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ተነሳች።

"ደማችን እንደሚያንስማ ድሮም እናውቀዋለን። ኪኒኑ ጤና ኬላ ሲያልቅ የት ሄደን እንውሰድ?"

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋን በዚያው ቀን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገባሁ። ከዚያም እንዳለ ወስጄ የቀጣዩ ጥናቴ ጥያቄ አደረግኩት። በዚህ ወር ለሁለቱም ኮሚቴዎች አስገባዋለሁ፤ መጀመሪያ ለአገር ቤቱ።